ከፊትህ የቆመውን አንሳ

ሰኞ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት

«ውድ አንባቢዎቼ» ብዬ ልጀምር ስል ሣቄ መጣ። እዚህ ደብተር ላይ አንባቢዋም ሐሜተኛዋም እኔው ነኝ። ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ሳላሳምር ልጻፍ።

መጽሔቱ ዓምዴን ከየሳምንቱ ወደ ወር አንዴ አወረደው። አዘጋጁ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። «አንባቢ እኮ ይወድሻል» አለኝ። ሰው በር ሊዘጋብሽ ሲል ነው እንዲህ የሚያሞግስሽ። እናም ዛሬ አዲስ ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው ሲያስረዱት ያስቃል። በሰው ፋንታ ድረ ገጽ እየከፈተ፣ እያነበበ፣ እየሞላ፣ ቁልፍ እየተጫነ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራሉ። እኔ ተላላኪው ብዬዋለሁ። ተላላኪው መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ገጽ ይከፍታል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ መልእክት ይልካል። መሣሪያዎቹን የሚሠራቸው ሌላ ሰው ነው። የእኔ ድርሻ ለእያንዳንዱ መግለጫ መጻፍ ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያዝ፣ መቼ እንደማይነካ። ተላላኪው የትኛውን ማንሣት እንዳለበት የሚያውቀው እኔ የጻፍኩትን አንብቦ ነው። ሌላ የሚነግረው የለም።

ለእትዬ ስነግራት ሣቀች፤ ሣቋ መሐል ላይ ወደ ሳል ተለወጠ። «አንቺ? መመሪያ?» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት። ዓምዴን ስታነብ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነው፤ ዳር ላይ የምትጽፈውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደስ ይላል። ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

ሐሙስ፣ አውቶቡስ ላይ

ቢሮውን ላስተዋውቅ፤ ልማድ አይለቅም። አለቃችን ቶሎቶሎ ይባላል (ፊቱ ላይ አይባልም)። ሲያወራም ሲራመድም ሲያኝክም ይሮጣል። መሣሪያዎቹን የሚሠራው ዝምተኛው ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ከጠየቁትም በቁንጥር ነው። ሥራውን የምትፈትሸው ደግሞ ቀጭን፣ መነጽራም ልጅ ናት። ምንም ብትነግሪያት መልሷ «ባይሆንስ?» ነው፤ ስሟም እሱው ሆኖ ቀረ። ዝምተኛው ባይሆንስን ይወዳታል። ተናግሮ አይደለም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ከማሞቂያው አጠገብ የሚያስጠጋላት መንፈስ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ደንበኛችን ማን እንደሆነ ዛሬ ሰማሁ። ትልቁ ሆስፒታል! የእትዬ ሆስፒታል! አንደኛው የልቧ ክዳን በደንብ አልከፈት ብሎ፣ ለቀዶ ሕክምና ተራ ይዛ የምትጠብቀው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ የተጠባባቂዎቹን ገጽ አንድ በአንድ የሚከፍቱት ጸሐፊዎች ነበሩ። ከእንግዲህ ተላላኪው ይከፍታል፣ ቦታ ሲገኝ «ተራዎ ደርሷል» ብሎ መልእክት ይልካል። እህቴን የሚጠራት እኔ ያስተማርኩት ይሆናል ማለት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ ስል ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ራቅ አለ።

እትዬ ዜናውን ወዲያው ለጃንጥላዋ ሴትዮ ደወለችላት። ይህች ሴትዮ ባለፈው ክትትል ከእትዬ ጎን ተቀምጣ የነበረች፣ እሷም ልቧን የሚያማት፣ ከእትዬ ቀድማ ተራ የያዘች ናት። ሲወጡ ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላዋን አዋሰቻት። «እኔን ልጄ በመኪና ይወስደኛል። ተራሽ ሲደርስ ትመልሺልኛለሽ፤ አልጋ ለአልጋ መሆናችን የት ይቀራል?» አለቻት። እጀታው የዳክዬ ራስ የሆነ፣ ነጠብጣብ ያለበት ጃንጥላ ነው፤ በራችን አጠገብ ቆሞ ገቢ ወጪውን ይመለከታል። ሁለቱ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው በየማታው እየተደዋወሉ ስንት ትራስ እንደደረቡ ይጠያየቃሉ። «የትራስ ማኅበር» ብለውታል። እትዬ ሊቀመንበር ናት፤ ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል?

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ

ዛሬ «አንሳ» የሚባለው መሣሪያ። ገጽ ላይ ድንገት ብቅ እያሉ ሥራ የሚጋርዱ ሳጥኖች አሉ አይደል፤ ማስታወቂያ፣ «ዜና እንላክልዎ?» ምናምን። እነሱን ያነሣል።

«እንዴት ነው የሚያነሣቸው?» አልኩት ዝምተኛውን።

«ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁልፍ ይጫናል።»

«ትልቁ ቁልፍ ጥሩ ነገር ባይሆንስ?» አለች ባይሆንስ። ቀላ፤ ትከሻውን ሰበቀ።

የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ገጹን የጋረደ ማስታወቂያ ለመዝጋት ብቻ። ሳጥኑ ጥያቄ ከጠየቀ አትጠቀም፤ ቆመህ ሰው ጠይቅ። የተጫንከው አይመለስም።» ባይሆንስ አንብባ ዝም አለች። ከእሷ ዘንድ ይህ ጭብጨባ ነው።

ዓርብ

አሳፋሪ ቀን፣ ከዚያ ድንቅ ቀን።

የሆስፒታሉ ሰዎች ሊያዩ መጡ። ተላላኪው ሥራ ጀመረ፤ ሳጥን ብቅ ባለ ቁጥር ይቆማል፤ «ይቅርታ፣ ይህን ልዝጋው?» ይላል። ደግሞ ይቆማል። «ይቅርታ...» አስተዳዳሪው አዛጋ፤ ማዛጋቱን በእጁ እንኳ አልሸፈነም። ቶሎቶሎ ወደ ኮሪደር ጎትቶ አወጣኝ።

«ምንድነው ያደረግሽው? ይሄ ተላላኪ ነው ወይስ አዲስ ሙሽራ?»

«ጥንቃቄ...»

«ጥንቃቄማ ጸሐፊዎቹም ነበራቸው! ለዚህ አይደል እኛ ጋ የመጡት? አንቺ ሰው አንዴ ካነበበው የማይረሳው መስመር መጻፍ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የቀጠርኩሽ። አጭር። ሞቅ ያለ። አሁኑኑ።»

ሰው በሙያሽ ሲመጣብሽ የማያደርግሽ ነገር የለም። ቁጭ ብዬ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁና ይህን ጻፍኩ፦ «ከፊትህ የቆመውን አንሳና ወደ ጉዳይህ ቀጥል።»

እንዴት አማረ! ተላላኪው በረረ። ገጽ ከገጽ፣ ስም ከስም፣ አንዴም ሳይቆም። አስተዳዳሪው ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። አጨበጨቡ። ቶሎቶሎ «ብዕር ይሏል ይህ ነው» እያለ አስተዋወቀኝ።

ባይሆንስ ብቻ እቃዋን እየሰበሰበች «ያ ‹አትጠቀም› የሚለው የት ሄደ?» አለችኝ።

«ቶሎቶሎ ነው ያስወጣው» አልኳት። ውሸት አይደለም። ጣቱ የእኔ ነበር እንጂ።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

እሑድ፣ ከሰዓት

ከእትዬ ጋር ትንሽ እንንሸራሸር ብለን ወጣን። በየሱቁ መስታወት ፊት ትቆማለች። «ይህ ጫማ ያምራል» ትላለች፤ የምትቆመው የብስክሌት መለዋወጫ ፊት ነው። ትንፋሿ እስኪመለስ እኔም ብስክሌት የምገዛ ይመስል እጠብቃለሁ።

አንድ ጢማም ሰውዬ ከመንገድ ማዶ ሮጦ መጣ፤ የድሮ ተማሪዋ። «ቲቸር! ዛሬም ‹ዘግይቷል› ይላሉ?» አለ እየሣቀ። የቤት ሥራ ሰዓቱ ካለፈ፣ ምንም ያህል ልክ ቢሆን «ትክክል ነው። ዘግይቷል።» ብላ በቀይ ጽፋ ዜሮ ትሰጥ ነበር። «አንተ ዛሬም ፀጉርህን አላበጠርክም» አለችው። ሰውዬው በዚህ ዕድሜው እጁን ወደ ራሱ ሰደደ።

ቤት ስንገባ መስመሬን አነበብኩላት፤ ያቺን የተጨበጨበላትን። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ደስ ይላል። ታዲያ መቼ ነው የማያነሣው?»

«እትዬ ደግሞ! እሱ ይገባዋል።»

«ማን ነገረው?»

ወጥ እንዳያርብኝ ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ምድጃው አልተለኮሰም ነበር።

ማታ አንድ ትራስ ጨምሪልኝ አለች። ጨመርኩላት። ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ክረምት ለማንም አይመችም።

ረቡዕ

ኬክ! ቶሎቶሎ ኬክ አስመጣ። ተላላኪው ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቀዶ ሕክምናው ተጠባባቂ ተራ እያጠረ ነው። አስተዳዳሪው ራሱ ደውሎ ነው የተናገረው፤ ድምፁን ለሁላችንም አሰማን። «ለዓመታት ያቃተንን!» ይላል ሰውዬው። ሌላ ሆስፒታልም ሊገዛን ነው አሉ።

ባይሆንስ ኬኳን ሳትነካ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለች።

«ታክመው ነዋ!» አለ ቶሎቶሎ።

«ሐኪሞቹ እንደበፊቱ ናቸው። አልጋውም እንደበፊቱ ነው። ታዲያ እንዴት ታከሙ?»

«አንቺ ልጅ ሠርግ ቤት ብትጠሪ ሙሽራው የታለ የምትይ ነሽ።»

ሁሉም ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብዬ። ዝምተኛው ግን አልሣቀም። ፍቅር ሰውን ያከብዳል።

ቅዳሜ

እትዬ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ አብጦ ጫማው ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቷል።

«ሆስፒታል ልሄድ ነው። ተራዬ የት እንደደረሰ በአካል ልጠይቅ።»

«በዚህ ዝናብ? እትዬ፣ ያ ሁሉ ቀርቷል እኮ። ተላላኪው ጠዋት ጠዋት ስምሽን ያያል። ሰው ሄዶ ቢያስቸግር ሥራ ማደናቀፍ ነው። ይደውላሉ።»

«ታውቂያለሽ?»

«እኔ አይደለሁ የጻፍኩት?»

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ልጅነቴን ሙሉ ስትታዘዝልኝ አይቻት አላውቅም፤ ዛሬ ታዘዘች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ የጃንጥላዋ ሴትዮ። እሷም ልትሄድ ተነሥታ ኖሮ እትዬን ልትጠራት ነው። እትዬ ስልኩን ሰጠችኝ፤ «ለእሷም ንገሪያት።» ነገርኳት። ድምፄን አሞቅሁት፣ ቀለድኩላት፣ ሴትዮዋ እስክታስል ሣቀች። «የመጽሔቷ ልጅ ካለችማ እጠብቃለሁ» አለች። «እንኳን ነገርሽኝ የኔ እመቤት፤ ደረጃው ራሱ ይገድለኝ ነበር።»

ሰው ማረጋጋት እችልበታለሁ። ሁሌም እችልበታለሁ።

ሰኞ

ባይሆንስ «ነይ አንድ ነገር እይ» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ተላላኪው ሲሠራ ቀድታዋለች። ገጾቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አየሽው?»

«ምኑን?»

አዘግይታ ደገመችልኝ። ሳጥን ነው። ብዙ ጊዜ የጠበቀ ሰው ገጽ ሲከፈት ብቅ ይላል፦ «ይህ ታካሚ ተራ ከያዘ ቆይቷል። አሁንም ሕክምናውን ይፈልጋል?» ከሥሩ ትንሽ ቁልፍ «ይፈልጋል»፤ ትልቅ ቁልፍ «አይፈልግም፣ ተራው ይለቀቅ»።

«ሁሉም ላይ ነው የሚመጣው?» አልኩ።

«ብዙ የጠበቁት ላይ። እነሱ ላይ ብቻ።»

ዓይኔ ደክሞኝ ነበር። በደንብ አላየሁም አልኳት። እሷ መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች፤ ብዙ ጠረገችው።

ማክሰኞ

ምሳ አልበላሁም። ሥራ በዛ። ባይሆንስ ለቶሎቶሎ ልትነግረው ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ስትወጣ ፊቷ ነጭ። «ከፊርማው በኋላ እናየዋለን» ብሏታል። የሁለተኛው ሆስፒታል ፊርማ።

የእትዬ ሳጥን መጥቶ ይሆን? እሷ ያን ያህል አልቆየችም። ቆይታለች እንዴ? አልቆየችም።

ሐሙስ

መንገዴ ስለሆነ ሆስፒታሉ ጎራ አልኩ። (መንገዴ አይደለም። ሁለት አውቶቡስ ነው።)

የመስኮቷ ሴት የእትዬን ስም ጻፈች፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ ደግማ ጻፈች። «ተራ የላቸውም።»

«እንዴት?»

«ለቀዋል። አልፈልግም ብለዋል ይላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፤ ይላል ነዋ። በፊት ያ ነገር ሲመጣ እኛ ስልክ ደውለን ‹አሁንም ይፈልጋሉ?› ብለን ጠይቀን ነበር የምንጫነው። ዘንድሮ ስልኩን ከፊታችን አንሥተውልን ሄዱ፤ አዲስ ነገር መጥቷል አሉ።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ደግሞ የሚገርመኝ፣ ለቀቁ የሚባሉት ሁሉ ሲለምኑን የኖሩት ናቸው።»

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጨርሰሻል?» አለኝ። ከፊቱ ቆሜበት ነበር።

ቤት ስገባ እትዬ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ከንፈሯ ትንሽ ሰማያዊ ነው። የመብራቱ ይሆናል።

ዓርብ

ቶሎቶሎን ነገርኩት። ስለ እትዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል አዳመጠኝ፤ ወንበር አቀረበልኝ፣ ውኃ አመጣልኝ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

«አስተዳዳሪው ወዳጄ ነው» አለ። «አንድ ሰው ፊት ማስገባት አያቅተውም። እህትሽ በሚቀጥለው ሳምንት ትገባለች። አንቺም እስከ ፊርማው... ገብቶሻል። ከዚያ በኋላ በእርጋታ ሁሉንም እናስተካክላለን። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«ሌሎቹስ?»

«አንድ ሰው ነው ያልኩሽ።»

የዳክዬው ራስ ትዝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። አንድ ሰው ነው ያለው። ሁለት ቢሆን እምቢ ቢልስ? ሁለቱም ቢቀሩስ?

አዎ አልኩት።

በር ላይ ባይሆንስ ቆማ ነበር። አየችኝ። ‹ባይሆንስ› እንኳ አላለችኝም።

ሰኞ

ጠዋት መልእክቱ መጣ፦ «ተራዎ ደርሷል።» ስልኩን እየጮህኩ ይዤላት ሮጥኩ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ከፊቴ ሰዎች ነበሩ።»

«ሰልፉ አጥሯል እኮ እትዬ!»

«የጃንጥላዋ ሴትዮ ከፊቴ ነበረች። እሷም ተጠርታ ይሆናል እንግዲያው።»

«ይሆናላ።»

«ትናንት ማታ ብደውል አላነሣችም። የማኅበሩ ስብሰባ ተሰረዘ።» ፈገግ አለች። «ሻንጣ እየሸከፈች ይሆናል።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰልፍ የሚያቋርጥ ልጅ ጆሮውን ይዛ ወደ ኋላ የመለሰች ሴት ናት። የሌሊት ልብሷን እያጠፍኩ ፊቷን አላየሁም። ጃንጥላውን እንዳልረሳ አስጠነቀቀችኝ፤ ልትመልስላት።

ረቡዕ፣ ኮሪደር

አስገቧት። በሩ መስታወት አለው ግን ወረቀት ለጥፈውበታል። ሐኪሙ «ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይቀል ነበር» አለ። ለምን እንደዘገየች ጠየቀኝ። ሰልፍ ነው አልኩት።

ጃንጥላው ጉልበቴ ላይ። ዳክዬው ያየኛል። አዞርኩት።

አልወጡም።

አሁንም አልወጡም።

ወጡ። አለች። እትዬ አለች።

እሑድ፣ እትዬ አልጋ አጠገብ

ዛሬ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ በአንድ ትራስ። ነርሷን ‹አቀማመጥሽን አስተካክዪ› ስላለቻት ድናለች ብዬ አመንኩ። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች።

«የትኛው አልጋ ላይ ነች?»

«ማን?»

«ሞኝ አትሁኚ። ደውይላት። እየሰማሁ ደውይ።»

ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አላደረግሁትም። ጎልማሳ ወንድ አነሣው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ በጨዋ ሰው ድምፅ መለሰልኝ።

«አልሰማችሁማ። እናታችን እኮ... ባለፈው እሑድ ማታ አረፈች። ቅዳሜ ሆስፒታል እንውሰድሽ ብለናት ነበር። ‹የለም፣ የመጽሔቷ ልጅ ታውቃለች፣ ይደውላሉ ብላኛለች› አለችን። እኛም ጠበቅን። አልደወሉም።» ደግሞ፣ «እህትሽ እንዴት ናት? ሁልጊዜ ስለ እሷ ታወራ ነበር።»

ባለፈው እሑድ። ከዓርቡ በኋላ ያለው እሑድ።

ስልኩን ዘጋሁት። እትዬ በሁለቱም ዓይኖቿ እየጠበቀችኝ ነው።

«ምን አለችሽ?»

«አላነሣችውም» አልኳት።

ማክሰኞ

ፊርማው ነገ ነበር። ነበር ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ መግለጫውን እንደገና ጻፍኩት። አላማረም። አንብቤው እንኳ ዜማ የለውም፦

«አንሳ። ይህ መሣሪያ ሳጥን የሚያነሣው ትልቁን ቁልፍ በመጫን ነው፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አያይም። ለማስታወቂያ ብቻ ተጠቀምበት። ሳጥኑ ስለ ሰው የሚጠይቅ ከሆነ አትንካው፤ ቁምና ሰው ጥራ። የተጫንከው አይመለስም። መቆምህ ስህተት አይደለም።»

ከዚያ ለሆስፒታሉም ለሁለተኛው ሆስፒታልም የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ የእትዬን ፊት መግባት ጭምር። ዝምተኛው ሳይጠየቅ ተነሥቶ ተላላኪውን አጠፋው። ባይሆንስ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ቶሎቶሎ ሲገባ ሦስታችንም ቆመን ነበር። የተናገረውን አልጽፈውም፤ ይህ ደብተር ጨዋ ነው። ኮቴን አለማውለቄ ብቻ ጠቀመኝ።

አመሻሽ ላይ የመስኮቷ ሴት ደወለች። ስልኮቹን መልሰውላቸዋል። ከጠዋት ጀምሮ ለተለቀቁት እየደወሉ ነው። «አብዛኞቹ ያነሣሉ» አለችኝ። አብዛኞቹ።

ቅዳሜ፣ ቤት

እትዬ ቤት ገባች። ደረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣች፤ ዕረፍቱም የጎረቤቱን የበር ቀለም ለመተቸት ነው።

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ መስመሬን፣ ጭብጨባውን፣ ሳጥኑን፣ መስኮቱን፣ ዓርብ ለቶሎቶሎ አዎ ማለቴን። የጃንጥላዋን ሴትዮ በመጨረሻ። ስቀልድላት እስክታስል መሣቋንም ነገርኳት። እትዬ እጇን ደረቷ ላይ ባለው ስፌት ላይ አድርጋ ሰማች። አንዴም አላቋረጠችኝም፤ በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ አዲሱን መግለጫ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እጇን ዘረጋች፤ ምን እንደምትፈልግ አውቄ ቀይ እስክሪብቶዋን ከመሳቢያ አመጣሁላት።

ዳር ላይ ጻፈችበት፦ «ትክክል ነው። ዘግይቷል።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ውጭ ይዘንባል። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ አሁንም አላየሁም፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበርና።

«ጫማዬን አቀብዪኝ» አለች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«ልጇ ቤቱን ያሳየናል። ጃንጥላውን አንቺ ትይዢዋለሽ፤ አንቺው በእጅሽ ትመልሺዋለሽ። እኔን ማን ከፊቷ እንዳስገባኝም አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

ተንበርክኬ ጫማዋን አጠለቅሁላት። እግሯ እብጠቱ ጎድሎ፣ እስከ ተረከዙ ገባ።